ያልተቆጠረ ሠራተኛ፣ ያልተቆጠረ መድኃኒት

በመንግሥት የጤና ተቋማት ውስጥ ስለሚጠፋው መድኃኒትና የሕክምና መገልገያ የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። ጥናት አለ፣ የኦዲት ግኝት አለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጥ የተከማቸ ቃለ ጉባኤም አለ። ይሁን እንጂ እነዚህን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ የጤና ባለሙያ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ስለ ሰራቂው ብዙ ይባላል፤ ስለ ቆጣሪው ግን እምብዛም አይነሣም። ዕቃውን ማን ተረከበ፣ ማን መዘገበ፣ ማን ወጪ አደረገ፣ ሌሊት በሩ ላይ ማን ነበር የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡት ጉድለት ከታየ በኋላ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ነው። የሰው ኃይል ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ ግን አይነሡም። ጉዳዩ የአጻጻፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለተመራማሪዎች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተብሎ ወረቀት ይዞ የሚወጣው ታካሚ አለ። ባላየው ዕቃ ተጠያቂ የሚሆነው ወጣት ባለሙያም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ዓመታዊ ሪፖርት ሙሉ በሙሉ ስለ ጤናው ዘርፍ የሰው ኃይል ነበር። ሪፖርቱ ከቀደሙት ይልቅ አንድ መልካም ነገር ሠርቷል፤ የአስተዳደርና የድጋፍ ሠራተኞችን ራሱን በቻለ ረድፍ ቆጥሯቸዋል። በዚያ ግምት መሠረት በመላው ዓለም ደመወዝ እየተከፈላቸው ከሚሠሩት 59.2 ሚሊዮን ያህል የጤና ሠራተኞች መካከል ሁለት ሦስተኛው በቀጥታ አገልግሎት የሚሰጡ ሲሆኑ፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መዝገብ ያዥ፣ ሾፌር፣ የጥገናና የጽዳት ሠራተኛ፣ ሥራ አመራርና የመሳሰሉት ናቸው። በአሜሪካ አህጉራት ቀጣና ይህ ሁለተኛ ወገን 43 በመቶ ይደርሳል። በአፍሪካ ቀጣና ግን 17 በመቶ ብቻ ነው።

ይህ አኃዝ ብዙ ሊያነጋግር የሚገባው ነበር፤ ሆኖም አላነጋገረም። ከሪፖርቱ ወጥቶ በየስብሰባው የተጠቀሰው ሌላው ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሺህ ሰው 2.28 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ የሚለው መለኪያና በዚሁ መለኪያ ከባድ እጥረት አለባቸው የተባሉት 57 አገሮች ዝርዝር። ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስልት መለኪያው ወደ 4.45 ከፍ ሲል የሚቆጠሩት ያው ሦስቱ ሙያዎች ሆነው ቀጠሉ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ ታይቶ ተመልሶ ተሰወረ ማለት ነው።

በእርግጥ 17 በመቶ የሚለው አኃዝ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። የብዙ አገሮች መረጃ የተሟላ አልነበረም፤ ከዚህም በላይ በአፍሪካ ጤና ተቋማት የድጋፍ ሥራ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ ከመደብ መጠሪያው መረዳት አይቻልም። በገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። የድጋፍ ሠራተኛ መደብ ባዶ ሲሆን ሥራው አብሮ አይጠፋም። ነርሷ የክፍሉን ንብረት ፈርማ ትረከባለች፤ የመድኃኒት ባለሙያው መዝገብ ያዥም ሒሳብ ሠሪም ይሆናል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ማታ ቁልፍ ያዥ ትሆናለች። ሠንጠረዡ ባለሙያ አለ ይላል። ባለሙያው ግን ግማሽ ቀኑን በሌላ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል።

የጉዳዩ እምብርት ከዚህ ላይ ነው። አንድ ካርቶን ሴፍትሪአክሶን በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ ማለትም የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ ቅርንጫፍ ተነሥቶ ታካሚው ክንድ እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸውን እጆች መቁጠር ይበቃል። ሆስፒታሉ ሲረከብ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ በቢን ካርድና በስቶክ ካርድ ይመዘገባል፤ ማደያው ይጠይቃል፤ ግምጃ ቤቱ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፤ ከማደያው ወደ ተኝቶ ሕክምና ክፍል ይሄዳል፤ ከክፍሉ ቁም ሣጥን ደግሞ ወደ ታካሚው። በእያንዳንዱ እርከን ሰጪና ተቀባይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ መዝገቡን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ያመሳክራል ተብሎ ነው ሥርዓቱ የተሠራው። ወረቀቱ ብቻውን ዕቃ አይጠብቅም። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ፈራሚዎቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው።

አሁን አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ብቻ ያለበትን ጤና ጣቢያ ማሰብ ይቻላል። የሚፈልገውን የሚያዝዘው፣ የመጣውን የሚረከበው፣ በካርዱ ላይ የሚጽፈው፣ በመስኮቱ የሚሰጠው እርሱ ነው፤ በሰኔ ወር መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግም አጠገቡ የሚቆመው ከሌላ ክፍል ለአንድ ቀን የተመደበ፣ የመድኃኒቱን ስም ለማንበብ የሚቸገር ሠራተኛ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ መቶ ብልቃጥ ቢጎድል ተሰርቋል ወይስ ሳይመዘገብ ለታካሚ ተሰጥቷል፣ ጊዜው አልፎበት ተወግዷል ወይስ ሲመጣም አልነበረም የሚለውን ለይቶ የሚናገር ማንም የለም። ሐቀኛው ሐቀኝነቱን ማስረዳት አይችልም፤ ሌባውም አይያዝም።

ቋንቋችንም ይህን መደባለቅ ያንጸባርቃል። የኦዲት ሪፖርት ጸሐፊዎች «ጉድለት» ይላሉ፤ የመድኃኒት ባለሙያዎች «ብክነት» ይላሉ፤ ጋዜጣ «ምዝበራ» ይላል፤ ታካሚው በአጭሩ «ሰረቁት» ይላል። አራቱ ቃላት አራት የተለያየ ጥፋተኛ አላቸው። ጉድለት ፈራሚውን ይይዛል፤ ብክነት ማንንም አይነካም፤ ምዝበራ ሹሙን ይጠቁማል፤ ስርቆት የሚለው ደግሞ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ፊት ነው የሚይዘው። አንዱ ተቋም ዘንድሮ «ብክነት» ብሎ ያወራረደው በሌላው ተቋም «ጉድለት» ተብሎ ከአንድ ሰው ደመወዝ ይቆረጣል። ልዩነቱን የፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ የተፈጸመው ድርጊት አይደለም፤ መዝገብ የሚያመሳክር ሠራተኛ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

በአገራችን ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ውስጥ ብዙ የሚጠቀሰው ማግነስ ሊንደሎውና ፒተር ሰርነልስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የኢትዮጵያ የጤና ሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ጥናት ነው። ከጤና ሠራተኞችና ከአገልግሎት ተጠቃሚዎች ጋር በተደረገ የቡድን ውይይት ላይ የተመሠረተ ነው። ከሥራ መቅረትን፣ የመድኃኒትና የዕቃ ስርቆትን፣ ሕገ ወጥ ክፍያንና የመሳሰሉትን ሳይሸፋፍን ያወጣል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ የጤናው ዘርፍ ከመንግሥት የበላይነት ወደ ቅይጥ ሥርዓት መሸጋገሩን፣ የመንግሥት ፖሊሲ ከዚህ ሽግግር ጋር እኩል አለመራመዱን፣ የተጠያቂነት ዘዴዎች መድከማቸውንና የሙያ ሥነ ምግባር መሸርሸሩን ይዘረዝራል። ጥናቱ ከባለሙያው አንደበት የሚሰማውን በመጻፉ ሊመሰገን ይገባል፤ በዘመኑ በአደባባይ ለመናገር የሚከብድ ነገር ነበርና።

ነገር ግን ውይይቱ የተዋቀረው በሁለት ወገን ነው፤ ሕክምና ሰጪና ሕክምና ተቀባይ። በሁለቱ መካከል የቆመው፣ ቁልፉን የያዘው፣ ካርዱን የሚጽፈውና በሩን የሚጠብቀው ሰው በዚህ አወቃቀር ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። ስለዚህ «የተጠያቂነት ዘዴዎች ደክመዋል» የሚለው ትክክለኛ ግኝት አንባቢው ዘንድ ሲደርስ አለቆች ቁጥጥር አላደረጉም ወደሚል ትርጉም ያዘነብላል። ተጠያቂነት ግን ከአለቃ ቁጣ አስቀድሞ የደመወዝ መደብ ይፈልጋል። የሚያመሳክር ሰው ያልተቀጠረለት ተቋም ተጠያቂነቱ ደከመ ሊባል አይችልም፤ መጀመሪያውኑ አልተተከለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አነጋገር ለሹም ይሠራ ይሆናል። ለግምጃ ቤት ግን ብዙ አያስረዳም፤ በዚያ ያለው ሰው አልተሾመም፣ ብዙ ጊዜም በተደራቢነት ነው የተመደበው።

ተመሳሳይ ጉድለት በሌላ አገር ላይ በተጻፈው ውስጥም ይታያል። ባርባራ ማክፔክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዩጋንዳ የመንግሥት ጤና ሠራተኞች መደበኛ ያልሆነ ገቢ ያሳተሙት ጥናት በዓይነቱ የታወቀ ነው። ጥቂት ተቋማትን ብቻ ቢመለከትም፣ ወደ ተቋማቱ የገባውን መድኃኒት ለታካሚ ከተሰጠው ጋር አነጻጽሮ፣ በመካከለኛው ተቋም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በመንገድ ላይ እንደሚፈስ ገምቷል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የዩጋንዳ መንግሥት ከርእሰ ብሔሩ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ የሚታዘዝ የመድኃኒትና የጤና አገልግሎት ተቆጣጣሪ ክፍል አቋቋመ፤ ጤና ሠራተኞች ታሰሩ፤ በመንግሥት መድኃኒት ላይም የባለቤትነት ምልክት መታተም ጀመረ። ምልክቱ ብልህ ሐሳብ ነው፤ በግል መደብር የተገኘውን ዕቃ ምንጭ ያሳውቃልና። እስራቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃውን ከሰረቀው ባለሙያ ጋር ካርድ ያልሞላውንም ባለሙያ አብሮ ሊወስድ ይችላል፤ ከላይ እንደ ተባለው ሁለቱን የሚለይ መዝገብ ከሌለ ፖሊስም እንደ ኦዲተሩ ነው የሚያየው።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተሞከረው እዚሁ በአገራችን፣ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ፣ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ይደገፍ በነበረ ፕሮጀክት እገዛ፣ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት፣ በተለምዶ ኤፒቲኤስ የሚባለው፣ በዚያ ተጀመረ፤ ቀጥሎም በአማራ ክልል፣ በኋላም በሌሎች ክልሎችና በፌዴራል ደረጃ ሕጋዊ መሠረት እየተሰጠው ተስፋፋ። ሥርዓቱን ለሚያውቁት አንባቢዎች መዘርዘር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የተነሣበትን ነጥብ ማስታወስ ነው። ቀደም ሲል ከዋናው ግምጃ ቤት ወጥቶ ማደያ የደረሰ መድኃኒት በመዝገብ ረገድ እንዳለቀ ይቆጠር ነበር። ከማደያው በኋላ የነበረው ማስረጃ የተሰበሰበው ብር ድምር ብቻ ነበር፤ ያ ብር የየትኛው መድኃኒት፣ ስንት ፍሬ፣ ለማን እንደ ሆነ አይናገርም።

አዲሱ አሠራር በመስኮቱ ያለውን አንድ ሰው ወደ ብዙ ሰዎች ከፈለው። አንዱ ማዘዣውን ይመረምራል፣ ሌላው ሒሳቡን በዝርዝር ይሠራል፣ ገንዘብ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ሌላ ባለሙያ መድኃኒቱን እየመከረ ያስረክባል፤ የፋርማሲ አካውንታንቱ ደግሞ የቀኑን የእጅ በእጅ፣ የዱቤና የነፃ ሽያጭ ትኬቶች ከዕቃው ጋር ያመሳክራል። ከሥርዓቱ ክፍሎች አንዱ በግልጽ የሰው ኃይል ምደባ ነው፤ ምን ያህል ሥራ እንዳለ ለክቶ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ያሰላል። የታተሙት ዘገባዎችም መድኃኒት መገኘቱ እንደ ተሻሻለ፣ ብክነት እንደ ቀነሰ፣ ገቢም እንደ ጨመረ ያስረዳሉ።

እነዚህን ዘገባዎች ግን እንደ ምስክር ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ መመርመር ይገባል። አብዛኞቹ በፊትና በኋላ የሚያነጻጽሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም የተጻፉት ሥርዓቱን በዘረጉት ወይም በደገፉት እጆች ነው። ብክነት ብለው የሚለኩት በዋናነት ጊዜው ያለፈበትንና የተበላሸውን ነው፤ የተሰረቀው ለብቻው አይታይም። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨው ደግሞ ውጤቱን ለቅጹ፣ ለኩፖኑና ለትኬቱ መስጠታቸው ነው። አንባቢው ትኬት አሳትሞ ወደ ተቋሙ ቢመለስ ያው ውጤት የሚገኝ ይመስለዋል። በተግባር የሆነውም ይኸው ነው፤ አካውንታንትና ገንዘብ ተቀባይ ሳይቀጠር ትኬቱ የተጀመረባቸው ተቋማት አሉ። በእነዚህ ዘንድ ያ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ከቀድሞው ሥራው ላይ ዝርዝር ትኬት መጻፍ ተጨመረለት። ወረፋው ረዘመ፤ ምክር የሚሰጥበት ጊዜ ጠፋ፤ ማመሳከሩም ሳምንት ሳምንቱን እየዘገየ በመጨረሻ ቀረ። ሥርዓቱ ከሽፏል የሚል ሪፖርት ከዚህ ቢወጣ ያልተተገበረ ሥርዓት ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው።

የጥበቃው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስልትና ተከትለውት የመጡት የክልል ሕጎች ተቋማት ገቢያቸውን ይዘው እንዲጠቀሙ ሲፈቅዱ ከሕክምና ውጭ ያሉ አገልግሎቶችን ለሦስተኛ ወገን በውል መስጠትን አብረው አመጡ። ጽዳት፣ ምግብ፣ ልብስ እጥበትና ጥበቃ ወደ ማኅበራትና ድርጅቶች ሄዱ። ሐሳቡ የሥራ አመራሩን ጫና ማቅለል ነበር፤ በጽዳቱ ረገድ ብዙ ቦታ ተሳክቷል ማለት ይቻላል። ጥበቃው ግን ከጽዳት ይለያል። ወለል ንጹሕ መሆኑ ይታያል፤ ያልወጣ ዕቃ ግን አይታይም። በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊነት የተሰጠ ውል በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠረ ዘብ ያመጣል፤ ዘቡም በየጥቂት ወራቱ ይቀየራል። የሠራተኛውን ፊት ሳያውቅ፣ የዕቃ መውጫ ፈቃድ ላይ ያለውን ፊርማ ሳይለይ ይሄዳል። በብዙ ሆስፒታል በር ላይ የሚታየውም ይህ ነው፤ ለታማሚ ምሳ ይዛ የመጣች እናት ዘንቢሏ እስከ ታች ይበረበራል፣ መኪና ሲመጣ ግን በሩ ከሰላምታ ጋር ይከፈታል።

ስለ መኪናው ከተነሣ ዘንድ ሐኪሞችም ከዚህ ትችት ውጭ አይደሉም። ጓንት፣ ስፌት ክርና ካኑላ ከክፍሉ ቁም ሣጥን ያለ ፊርማ ሲነሣ «ለሥራ ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ድንገተኛ የተበደረ ዕቃ ግን ሳይመለስና ሳይመዘገብ ሲቀር፣ እያንዳንዱ ክፍል ነገ እንዳያልቅበት እያለ ሲደብቅ፣ ለእውነተኛው ሌባ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ አይገኝም። የክፍል ጸሐፊ ወይም የዕቃ ተቆጣጣሪ ያለበት ሆስፒታል ይህን ችግር የሚያቃልለው ሐኪሞቹ ስለተሻሉ አይደለም፤ ሐኪሙ የወሰደውን የሚጽፍለት ሌላ እጅ ስላለ ነው።

«ሠራተኛ መጨመር ሌባ መጨመር ነው» የሚሉ ሥራ አስኪያጆች አሉ። አነጋገሩ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። ተስማምተው የሚሰርቁ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሌባ የባሱ ናቸው፤ የድጋፍ ሠራተኛው ደመወዝም በተቋሙ ካሉት ዝቅተኛዎቹ አንዱ ነው፤ የፋርማሲ አካውንታንቶች ሥራውን ለምደው ወደ ባንክ መሄዳቸውም ይታወቃል። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚረሳው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሰርቅ ስምምነት አያስፈልገውም።

የበጀት ጥያቄው ከዚህ ይከብዳል። ሆስፒታሉ የአካውንታንትና የመዝገብ ሠራተኛ መደብ እንዲፈቀድለት ሲጠይቅ ሲቪል ሰርቪሱና ፋይናንሱ የሚጠይቁት ተገቢ ጥያቄ «ለመሆኑ ምን ያህል እየጠፋባችሁ ነው?» የሚል ነው። ሆስፒታሉ አያውቅም። የማያውቀው የሚቆጥር ሰው ስለሌለው ነው፤ የሚቆጥር ሰው የሌለውም የጠፋውን ቆጥሮ ማሳየት ስላልቻለ ነው። ተመራማሪዎች ሊረዱ የሚችሉበት ቀዳዳ ይህ ነበር። አንድ ተቋም ውስጥ የድጋፍ መደቦች ተሞልተው፣ በሌላው ተመሳሳይ ተቋም ሳይሞሉ፣ ከግምጃ ቤት እስከ ታካሚ ያለው ልዩነት በፍሬ ተቆጥሮ ቢታይ አንድ የሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ የማያሳምነውን ያሳምን ነበር። እስካሁን የተጻፈው ግን በአመዛኙ ስለ ደመወዝ ማነስ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሥልጠና ነው፤ በአጭር ሥልጠና ማጠናቀቂያ ላይ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ባዶ መደብ አይሞላም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ሰኔ 30 ሲደርስ ማደያው ተዘግቶ ቆጠራ ይደረጋል። ልዩነት ይገኛል፤ ፊርማው ያለው በአንድ ሰው ስም ነው። በዚያ ዓመት ለስፔሻሊቲ ወይም ለሁለተኛ ዲግሪ ያለፈ፣ ወይም ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ባለሙያ ርክክብ አላለቀም ተብሎ ክሊራንሱ ይያዝበታል። ገንዘቡ በየወሩ ይቆረጣል፤ ቢን ካርዱም በሚቀጥለው ሐምሌ ከአዲስ ቁጥር ይጀምራል። ካርዱን እየሞላ፣ እየሰጠና እየቆጠረ የሚቀጥለው ግን አሁንም አንድ ሰው ነው።